ሦስቱ የደጅ እንጨቶች

ሽማግሌው ህዩን ጊቦንግ ሲኮተኩቱት በነበረው የነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ጥቂት ራቅ ብላ፣ ልትወልድ ቀናት የቀሯት ባዝራ ገመዷን እየጎተተች ጎመኑን ትግጣለች።

ማን ገደለ? ባዝራዋ! ማን አሰራት? ምራታቸው ሱንዶክ። መንደሩ ለመፍረድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ባሏ ጆንግሲክም ካደረበት ከተማ ሲደርስ፣ «አባቴን ገደልሽው! አንዲት ገመድ ማሰር ያቅትሽ?» ብሎ ጮኸባት። ባዝራዋን ማምሻውን የሚወስድ የቄራ መኪናም ጠራ። ሱንዶክ አንዴ ወደ ጋጣው፣ አንዴ ወደ ደጁ ትመላለሳለች፤ መቀመጫ አጣች። አጥብቄ አስሬያት ነበር እኮ! ወይስ አላሰርኳትም? እርግጠኛ መሆን አቃታት።

መርማሪ ካንግ ማልሱክ፣ የዚያው የጄጁ ደሴት ልጅ፣ ጎንበስ ብላ መደቡን ካየች በኋላ ሱንዶክን ጠራቻት።

«ስትወጪ ስንት ሰዓት ነበር፣ እህቴ?»

«ሁለት ሰዓት፤ ለገብሱ ማሳ ፍግ ላደርስ። አባባ እዚሁ ነበሩ።»

«መግቢያውን የሚዘጉት ሦስቱ የደጅ እንጨቶችስ?»

«ወርደው መሬት ላይ ነበሩ። ሰው ቤት እያለ ማን በደጁ ላይ ያጋድማቸዋል?»

«ስትመለሺስ?»

ሱንዶክ ክው አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ… ሦስቱም ተጋድመው ነበር! አውርጄ ገባሁ። ሬሳውን ሳይ ሁሉም ነገር ጠፋኝ።»

ጎረቤታቸው፣ ባሕር ጠላቂዋ እማማ ቡ፣ ጣልቃ ገቡ። «እኔም ሦስት ሰዓት ላይ ለመደቡ ማዳበሪያ የሚሆን የባሕር አረም ተሸክሜ መጥቼ፣ ሦስቱም ተጋድመው ሳይ ተመለስኩ። በከንቱ ወገቤን ቆረጥኩት!»

የሟች ታናሽ ወንድም ኦክቾል ዓይናቸውን አበሱ። «እኔ የመጣሁት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ባዝራዋ ስለረገጠቻቸው የመንደሪን ችግኞቼ ላነጋግረው። ከደጅ ሆኜ 'ጋሼ! ጋሼ!' ብዬ ተጣራሁ። መልስ ሳጣ ሄድኩ። ምነው በገባሁ ኖሮ!»

ካንግ ሁሉንም ጋጣው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ባዝራዋ ንጹሕ ናት» አለች። «ሬሳው ዙሪያ ያለው አፈር እርጥብ ነው፤ አንድም የፈረስ ኮቴ አላረፈበትም። ፈረስ ደግሞ ሰው ገድሎ ደጅ አይዘጋም። ሦስቱን እንጨት ያየ ሁሉ ባለቤቶቹ ሩቅ ሄደዋል ብሎ እንዲመለስ ያጋደማቸው ገዳዩ ነው። ይኸው እማማ ቡ ተመለሱ። እርስዎ ግን፣ አባት፣ ከዚያ በኋላ መጥተው ተጣሩ!»

«ታዲያ ምን አለበት?» አሉ ኦክቾል።

«እዚህ አይደል ተወልደው ያረጁት? ሦስቱም እንጨት በተጋደመበት ደጅ ቆሞ ሲጣራ ያዩት ሰው አለ?»

ኦክቾል ዞረው ደጁን አዩ።

«የመጡት እንጨቶቹ መሬት ላይ እያሉ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ነው። መጣራትዎ እውነት ነው። መልስም አግኝተዋል።»

«ሳቀብኝ!» ሲሉ ጮኹ ኦክቾል። «በእጄ ያሳደግኳቸውን ችግኞች ባዝራው ጨርሳቸው 'ሌላ ትከል' ብሎ ሳቀብኝ! መኮትኮቻው እጄ ገባ… ከዚያ ባዝራዋን ፈታኋት።»

ፈታኋት! ሱንዶክ ጋጣው በር ላይ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጆንግሲክ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ሱንዶክዬ፣ እኔ እኮ ደንግጬ…»

«መጀመሪያ የቄራውን መኪና መልስ» አለችው። «እኔ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። አንተ ግን 'አስረሻት ነበር ወይ?' ብለህ እንኳ አልጠየቅኸኝም።»