የሙት ልጆች መዝገብ

ፀዲ የሽሮውን ፌስታል የባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ ውብአየሁ አጠገብ አስቀመጠች። ቀና አላለችም።

«የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ እኔ እየጠየቁ ነው» አለች።

«ማን?»

«እንጃ። ሁለተኛ አልመጣም።»

ባቡሩ መጣና ይዟት ሄደ።

ውብአየሁ አሜሪካ ውስጥ፣ ለሬኒየር ቫሊ ሰፈር ሰው ታክሲ ነጂ ነው፤ ለሚሰልልለት መሥሪያ ቤት ግን «ቀበሮ»። ሁለት ዓመት ሙሉ በአቅራቢያው ከተማ በቤልቪው የሚኖር አንድ መሐንዲስ ሲከታተል ቆይቷል። ሰውየው የጥንት የሆላንድ ሰፋሪዎች ዘር ነኝ ብሎ፣ ዘር መቁጠር ከሚወድ የሮኬት ፋብሪካ ባለቤት ጋር ተዛምዶ ንድፍ ይሰርቃል። ባለቤቱ እንደ ዘመድ ስለሚከልለው፣ ዝምድናው ውሸት መሆኑ ካልተረጋገጠ ማንም አይነካውም።

ታክሲው ውስጥ ፌስታሉን ከፈተ። ከሽሮው ሥር ሁለት ቅጂ አለ። አንዱ የመሐንዲሱ የዘር ሐረግ ነው፤ ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ሁሉንም «ፒተርሰን» ይላል። ሌላው ኒውዮርክ በሆላንዶች እጅ ሳለች ለሙት ልጆች ሞግዚት የተሾመበት መዝገብ ነው። እዚያ ከሐረጉ ሰዎች አንዱ፣ ሄንድሪክ፣ የሚጠራው በአባቱ በፒተር ነው፤ የሄንድሪክ ልጅ ደግሞ በሄንድሪክ።

ለካ እነሱም ያኔ እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት! ሐረጉ የተፈበረከ ነው።

በሐረጉ ዳርቻ ላይ በእርሳስ የታረመውን አየ። እጅ ጽሑፉን ያውቀዋል። የአለቃው የሥዩም ነው። ሥዩም ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖሮ የአባቱን ወግ ረስቷል፤ ሐረጉን ሲፈበርክ ሁሉንም በአንድ የቤተሰብ ስም ጻፈ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ውብአየሁን የመለመለው እሱው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሥዩም ነው።

«ዕቃው ገባ?»

«አልመጣችም።»

«ፀዲ ሰጠሁት አለችኝ እኮ።»

ፀዲ ሥዩምን አታውቀውም፤ ደርሶባታል ማለት ነው።

ውብአየሁ ሞተሩን አስነሳ። በግራ የፀዲ ሰፈር፣ በቀኝ የሥዩም የበላይ ቢሮ።

ወደ ቀኝ ታጠፈ።

መሐንዲሱ በማግስቱ ተያዘ። ሥዩም አመለጠ። ፀዲን እስከ ዛሬ ያያት የለም፤ ውብአየሁም ወደ ቀኝ በመታጠፉ ራሱን ይቅር ብሎ አያውቅም።

ሥዩም የውብአየሁን መልክ ስለሚያውቅ፣ እንዳይበቀለው መሥሪያ ቤቱ ለዘመድ ወዳጁ «በመኪና አደጋ ሞተ» ብሎ አስነገረ። የስምንት ዓመት ልጁን እህቱ ምሥራቅ ወሰደቻት። የፍርድ ቤቱን ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩት።

«ኤዶም ውብአየሁ። አባት፦ በሕይወት የሌለ። ሞግዚት፦ ምሥራቅ።»

ስሙ እሷ ላይ ቀርቷል። እሱ ወረቀቱን መልሶ ወጣ።

አሁን ማንም በማያውቀው ሰፈር፣ ዋይት ሴንተር፣ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሳህን ያጥባል። በአዲስ ስሙ ይርጉ ይሉታል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ማንአልሞሽ አንድ ቀን ልጅ እንዳለው ጠየቀችው።

«የለኝም» አለና ቧንቧውን ከፈተ።