ቂጣ ያልያዘ ልመና

ኤደልሚራ ከደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ላይ ሆና ቁልቁል ስትመለከት፣ አምስት ጎብኚዎች የሙዚየሙን በር ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ጀልባው ሲመለሱ አየች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ግን ሌሎቹን እንግዶች ማማው ላይ ጥላ መውረድ አልቻለችም።

አያቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተማ ሆስፒታል ከገቡ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። እሳቸው ሙዚየሙን፣ እሷ ማማውን ያስጎበኙ ነበር፤ አሁን ሁለቱም በእሷ ጫንቃ ላይ ወድቀዋል። በዚህ ወር ሙዚየሙ በወጉ ካልተከፈተ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል ተብሏል። የዓሣ አጥማጆቹ መልሕቅ፣ የድሮው ትምህርት ቤት ደወል፣ የጓደኛዋ የያስና ቅድመ አያት የሽመና ዕቃ፣ ሁሉም።

የሽመና ዕቃው ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎብኚ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ኤደልሚራም «የቅድመ አያቴ» አለች። ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር፤ ለአንድ አፍታ ብዙ ዘመድ ያላት መምሰል አማራት። ያስና በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ፊቷን አዙራ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኤደልሚራ ከጎብኚ በቀር ያናገረችው እኩያ የለም።

ወደብ ስትወርድ ባለጀልባው ዶን አቤሊኖ ገመድ እየፈቱ ቀና አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ለሁለት ተከፍለሽ ልትሠሪ ነው እንዴ?»

«ምን ላድርግ ይላሉ?»

«እንደ ደሴታችን ወግ የሥራ እገዛ ልመና ውጪ። የድንች ቂጣሽን ይዘሽ ያስና በር ላይ ቁሚ። ቂጣ ይዞ የመጣን እንቢ ያለ በዚህ ደሴት አለ? እኔ ራሴ የዚያን ሰነፍ አማቼን ቤት ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ከነጣሪያው በበሬ ስጎትት የዋልኩት በአንዲት ቂጣ ነው።»

ድንች ፍቃ ጋገረች። የመጀመሪያው አረረባት። ሁለተኛውን በጨርቅ ጠቅልላ ዳገቱን ወጣች።

መንገድ ላይ ግን እግሯ ከበዳት። ያስና እንቢ አትልም። ነገ መጥታ ቁልፉን ትቀበላለች፣ እንግዶቹን ታስገባለች፣ ሙዚየሙም ይተርፋል። ልማዱ ያስገድዳታል። ሳታናግራት ትውላለች፣ ሳታናግራት ትሄዳለች። ይህ ብቻዋን ከመሆን ይብስባት ነበር።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ቂጣውን ከነጨርቁ ግንድ ላይ አስቀመጠችና በሩን አንኳኳች።

የያስና ዓይን መጀመሪያ ያረፈው እጇ ላይ ነው።

«ምንም አልያዝሽም።»

«አልያዝኩም።»

«እና እንዲህ ተብሎ ይለመናል? እማዬ ብታይሽ ትስቅብሻለች።»

«እንቢ ማለት እንድትችይ ብዬ ነው» አለች ኤደልሚራ። «የሽመና ዕቃው የእናንተ ነው። ዋሽቻለሁ። ሙዚየሙን ብቻዬን አልቻልኩትም።»

ከአጥሩ በኩል ውሻቸው ጨርቁን ሲጎትት፣ ቀጥሎም ሲያላምጥ ተሰማ። ኤደልሚራ ዞራ አላየችም፤ መልሱን ቆማ ጠበቀች።