ደሴቲቱን ያሰረች እጅ

ሰባቱ መርከቦች ከደሴቲቱ በደረሱ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ስደተኛው ሁሉ እርጥብ ልብሱን በድንጋይ ላይ አስጥቶ ከቤተ ሰቡ የተረፈውን ደጋግሞ ሲቆጥር፣ የባሕር መንገድ መሪው ሽማግሌ አንድ ነገር አስተዋለ። በመጡበት ዕለት በስተምሥራቅ፣ ሰው ተጣርቶ በሚሰማማበት ርቀት የነበረው ጥቁር ዓለት አሁን እጅግ ርቆ በውሃው ላይ እንዳረፈ ቁራ አንሶ ይታይ ነበር። ዓለት አይሄድም፤ እንግዲያው የሄደችው ደሴቲቱ ናት፤ የሄደችውም ወደ ምዕራብ፣ ጠላት ከተማቸውን አቃጥሎ ወደ ያዘው ወደዚያው ወደ ሸሹት ዳርቻ ነበር።

ሽማግሌው በወጣትነቱ ከመርከበኞች ሰምቶ ተረት ነው ብሎ የተወውን ነገር ለስደተኞቹ አለቃ ለአበጋዙ ገለጠለት፤ ይህች ደሴት ሥር የላትም፤ በላይዋ ያደረ ሰው ልቡ ወዳዘነበለበት እንደ ጀልባ ትንሳፈፋለች። አበጋዙ ሠላሳ ዓመት በጦር ሜዳ የኖረ፣ አዝዞት የማይሆን ነገር አለ ብሎ የማያምን ሰው ነበርና ወዲያው አዋጅ አስነገረ፤ የቀድሞውን ከተማ የናፈቀ፣ ስሟን የጠራ፣ ስለ እርሷ ያለቀሰ ሁሉ ይቀጣል ተባለ። በዚያ ቀን ደሴቲቱ ከሦስቱ ቀናት ድምር የበለጠ ተጓዘች። አንዲት አሮጊት ለቅጣት ተይዘው ሲቀርቡ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ድካሙ ይዞኝ ረስቼው ነበር፤ ያስታወሰኝ ያንተው አዋጅ ነጋሪ ነው» አሉት ይባላል።

አዋጅ ያልያዘውን ገመድ ይያዘው ተብሎ ተወሰነ።

ከስደተኞቹ ሦስት ገመድ ገማጆች እጀ ፈጣኗ አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ሁለት፣ ባሏ በከተማይቱ ቅጥር ላይ የወደቀ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ያላት። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ግራኝ ነበረችና አባቷ ግራ እጇን ከወገቧ ጋር እያሰረ በቀኝ መግመድን አስተምሯታል። ጭካኔ አልነበረም፤ የገማጆች ሕግ ነበር። ገመድ ሁሉ ወደ ቀኝ ይገመዳል፤ በአንድ ወደብ የተበጠሰው በሌላ ወደብ ይጠገናል፤ አንዱ ገማጅ የጀመረውን ሌላው፣ ፊቱን እንኳ ሳያየው፣ ይቀጥልለታል። ወደ ግራ የተገመደ ገመድ ግን ከሠራው እጅ በቀር ማንንም አይቀበልም።

የመርከቦቹ ገመድ ሁሉ ተፈታ፤ ሸራው ተተለተለ፤ ሴቶቹ ክሩን ያቀብሏት ጀመር፤ እርሷም በአሸዋው ላይ ወደ ኋላ እየተራመደች ሦስቱን ፈትሎች በአንድ ላይ እያጠበቀች ሦስት ቀን ሙሉ ሳትቀመጥ ገመደች። በዚያ ጥድፊያ እጇን የሚያስር አባት አልነበረም። የገመዱ አንድ ጫፍ ከደሴቲቱ ቋጥኝ፣ ሌላው ጫፍ ከጥቁሩ ዓለት ታስሮ ደሴቲቱ አንዴ ተንገጫግጫ በቆመች ጊዜ ሕዝቡ በደስታ ጮኸ፤ እርሷ ብቻ ጎንበስ ብላ ገመዱን ዳሰሰች። ሁለት ሺህ ክንድ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ግራ ተገምዷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህኛው ግን የማይለቀም ነበር።

ገመዱ ዓለቱን በሚነካበት በኩል በየቀኑ ይሻክርና ይቆረጥ ጀመር። ሁለት ወንዶች ገማጆች ሊጠግኑት ሞከሩ፤ በጠዋት ያጠበቁት እኩለ ቀን ላይ ተተርትሮ ተገኘ። አበጋዙ ሴትዮዋን አስጠራት።

«እጃቸው እስኪለምድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አባቴ እኔን ወደ ቀኝ ለማስለመድ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል፣ ጌታዬ።»

«እኔ አንድ ዓመት እሰጣቸዋለሁ። እስከዚያ አንቺ ዓለቱ ላይ ትቆያለሽ።»

«ልጄስ?»

«ማዕበል ሲነሳ ዓለቱን ውሃ ያለብሰዋል ይላሉ። ልጅ ይዘሽ ትወጫለሽ?»

ገማጇ ልጇን ሸራ ሰፊ ለሆነች እህቷ ሰጠቻት። ልጅቱ ዳርቻው ድረስ ሸኘቻትና፣ «አንድ ዓመት ስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እንቅልፍሽን በደንብ ከተኛሽ ጥቂት ነው» አለቻት እናቲቱ፤ ዋሸች።

ዓለቱ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ፣ ወርዱ አሥራ አንድ ነበር። ከመርከብ ሳንቃ ጎጆ ሠሩላት፤ ውስጡ አንድ መደብ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ የውሃ በርሜል፤ ገመዱም በመደቡ ራስጌ በኩል አልፎ ከዓለቱ ጋር ታስሮ ነበርና ተኝታም እጇን ዘርግታ ትነካዋለች። በእርሱም አማካይነት ሕዝቧን በመዳፏ ማወቅ ጀመረች። ከተማይቱ የተቃጠለችበት ቀን በዞረ ቁጥር ገመዱ ከመወጠሩ የተነሣ ድምፅ ያወጣል፤ እርሻው የሰመረ ዓመት ይላላል፤ ወረርሽኝ የገባ ወራት፣ ሰው ሁሉ የአያቶቹን መቃብር ናፍቆ፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ፈትል ተበጥሶ አደረ። ማን እንዳለቀሰ ባታውቅም መለቀሱን ታውቃለች፤ የሚያለቅሰው ግን ከውሃው ማዶ እጅዋን በኀዘኑ ላይ ያኖረች ሴት መኖሯን አያውቅም ነበር።

አንድ ዓመት ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አምስት። ሊተኳት ከተመደቡት ገማጆች አንዱን የቤተ መንግሥቱ ግንብ ሥራ ፈለገው፤ ሁለተኛው ዓለቱን በሩቁ ባየ ጊዜ ሆዴን አመመኝ አለ፤ ሕመሙም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። አበጋዙ ዘውድ ጫነ፤ በዙሪያው ያሉትን ደሴቶች አንድ በአንድ አስገብሮ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። የገበሩት ደሴቶች የገናናው መንግሥት መናገሻ በአንድ ገመድ መታሰሯን እንዳያውቁም፣ ከአንድ ቀዛፊ በቀር ማንም ወደ ዓለቱ እንዳይቀርብ፣ የቀረበም በሞት እንዲቀጣ ታዘዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን በመሬቷ ላይ ተክሎ ደሴቲቱን አቆማት የሚለው ወሬም ከየት እንደ ተነሣ ሳይታወቅ በየመንደሩ ተሰማ።

ቀዛፊው በቀልዱ ምክንያት አፈ ጨው የሚባል፣ ጥርሱ የወላለቀ ሰው ነበር፤ በወር አንድ ጊዜ ዳቦ፣ ደረቅ ዓሣ፣ ውሃና ወሬ ያመጣላታል።

«እሜቴ፣ ለጦሩ አጥር ሠሩለት» አላት አንድ ቀን፣ በርሜሉን እያንከባለለ።

«የቱ ጦር?»

«ደሴቲቱን ያቆመው ነዋ። እኔም ቅርብ ጊዜ ነው የሰማሁት። አራት ዘበኛ ቀጥረውለታል፤ ለርስዎ አንድ ድመት እንኳ የላኩ የለም።»

«ልጄን አየሃት?»

«አየኋት። እህትዎ ካረፉ ወዲህ የሸራውን ቤት እሷ ይዛዋለች። ‹ደህና ናት?› አለችኝ፤ ‹ደህና ናቸው› አልኳት። ‹ሌላስ?› አለችኝ። ሌላ ምን ልበላት? ዓለት እንጂ ገበያ አይደል።»

«ፀጉሯን እንዴት ነው የምትይዘው?»

አፈ ጨው አሰበ። «አላየሁትም፣ እሜቴ። በሚቀጥለው አይቼ እመጣለሁ» አለ፤ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ገመዱ መላላት ጀመረ። በደሴቲቱ ላይ የተወለደው ትውልድ የሚናፍቀው ሌላ አገር አልነበረውምና ገማጇ ይህን ጠብቃው ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ግን አልጠበቀችውም፤ ገመዱ ከመላላት አልፎ በውሃው ላይ ይተኛ፣ ትርፉም በየወሩ ይረዝም ጀመር። ደሴቲቱ ወደ ዓለቱ እየመጣች ነበር። ገማጇ ትርፉን በጎጆዋ ውስጥ እየጠቀለለች ለማንም ሳትናገር ኖረች። በዚያ ዓለት ላይ ሰው መኖሩን ያልረሱት ንጉሠ ነገሥቱ፣ አማካሪዎቹና አፈ ጨው ነበሩ፤ ከእነርሱ ውጭ ያልረሳችው አንዲት ብቻ ናት።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ አፈ ጨው አንድ እንግዳ ይዞ መጣ። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ገና ወጣት፣ በስደቱ ጊዜ በመርከብ ላይ የተወለደ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጎጆው ሲገባ ጣሪያ እስኪነካ የተጠቀለለውን ገመድ አየና ቆመ።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አላት።

«ገመዱን ይዤ እያደርኩ እንዴት ሳላውቅ እቀራለሁ፣ ልጄ?»

«በዓመት ስልሳ ክንድ ትጠጋለች። እንዲህ ከቀጠለች አንድ ቀን ወደቡ ከዚህ ዓለት ጋር ይላተማል። ማን ነው የሚስባት?»

«አራት ሺህ ሰው ጠግቦ ከተኛ ደሴቲቱን ለመጎተት አንድ ያልተኛ ይበቃል።»

«ስሙን ይንገሩኝ።»

«ብነግርህ ምን ታደርጉታላችሁ?»

ወጣቱ ዓይኑን ወደ ምድጃው መለሰ። «ከደሴቲቱ ይወጣል» አለ።

«እንግዲያው እኔን አስገባኝ» አለችው። «ናፍቆት የሚወጣው ሰው በማስወጣት አይደለም። የተናፈቀውን አስገብታችሁ ሞክሩት።»

ጸሐፌ ትእዛዙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን መንግሥት የሚያገለግል ሰው ቸርነቱን እንኳ በውል ነው የሚሰጠው። ገመዱ ይቆረጣል፤ እርሷም ከየት መጣች ሳትባል ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ በሚጻፈው ታሪክ ውስጥ ግን ገመድም ገማጅም አይኖሩም። ይህን ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሣ ነገራት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገሩ ላይ ሳልኖር ኖሬያለሁ» አለችው። «በመጽሐፉ ባልኖር ምን ይጎድልብኛል?»

ገመዱን ራሷ ቆረጠችው፤ ከረፋድ እስከ ቀትር ፈጀባት። አፈ ጨው ሊያግዛት ቢላዋውን ሲጠይቃት አልሰጠችውም።

የሸራው ቤት ከወደቡ በላይ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ በበርሜል ሠሪውና በመልሕቅ ቀጥቃጩ መካከል ይገኝ ነበር፤ ውስጡ ረጅም ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰኩ መርፌዎች፣ በስተምሥራቅ አንድ ሰፊ መስኮት። የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሸራ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሰፋ ነበር፤ በደጃፉ ላይ ፊቷ በጨው የተሰነጣጠቀ ሴት ቆማ ባየች ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ይግቡ፣ እናት። ምን ልርዳዎ?»

ሴትዮዋን እንደ እንግዳ ያከበራት ያ ቃል ከማዕበል ሁሉ ይልቅ መታት። የተናገረው ከኋላዋ የነበረው አፈ ጨው ነው፤ «ልጄ፣ እሳቸው ናቸው።» ልጅቱ መርፌውን አስቀመጠች፤ መጥታም አቀፈቻት፤ አጥብቃ አቀፈቻት፤ ነገር ግን እንግዳ እንደሚታቀፍ ነበር። በዚያ ቀን እራት ሲበሉ ሁለቱም ስለ ዳቦው ጥሩነት ሦስት ጊዜ ተናገሩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ጸሐፌ ትእዛዙ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ደሴቲቱ አልቆመችም፤ ይልቁንም ወደ ዓለቱ ከቀድሞው በዕጥፍ ፈጥናለች።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ» አለ። «ማናችሁ ናችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቱ፤ «እኔ ነኝ» አለች እናቲቱ፤ ቃላቸው በአንድ እስትንፋስ ወጣ። ወጣቱ ተራ በተራ አያቸው፤ ሁለቱም እንዳልዋሹ ገባውና ሳይሰናበት ወጣ። የወደቡን መርከቦች በሙሉ ወደ ምዕራብ በኩል አዛወረ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልነገረም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እናቲቱ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ «ጫጫታው ነው» አለች። «እዚያ ነፋሱና እኔ ብቻ ነበርን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደዚህ ልምጣ ስል ኖሬ፣ መጥቼ ደግሞ ወደዚያ አያለሁ። እንዲህ ያለ ልብ ምን ይባላል?»

ልጅቱ ሸራውን አጠፈች፤ እንደገና ዘረጋችው። «እኔም ልንገርሽ» አለች፤ አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር። «በየቀኑ እዚህ መስኮት ላይ ሆኜ የማናግራት እናት ነበረችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ አትጨምርም። አንቺ መጣሽ፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች።»

«አውቃታለሁ» አለች እናቲቱ። «እኔም ትታኝ የቀረች አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ።»

አልተላቀሱም። እናቲቱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የሸራውን ሌላ ጫፍ ያዘች፤ ሁለቱም እስኪመሽ ሰፉ።

ደሴቲቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከዓለቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ስትቀር፣ አንድ ማለዳ ቆማ ተገኘች። የሁለቱ ልብ በዚያ ርቀት ለምን እንደ ረጋ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ሰው የሚናፍቀውን ነገር ሳይነካው ማየቱ ብቻ ይበቃው ይሆናል። እናቲቱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖራ አረፈች፤ ልጅቱም በዚያው ቤት አረጀች፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችውም።

የንጉሠ ነገሥቱ ዜና መዋዕል፣ በዚያው ጸሐፌ ትእዛዝ እጅ ተጽፎ፣ ደሴቲቱ በጦሩ መተከል እንደ ቆመች፣ ዓለቱም ወደቡን ከማዕበል እንዲጋርድ በንጉሠ ነገሥቱ ጥበብ እንደ ተመረጠ ይተርካል፤ ሐሰት ነው ለማለት ማስረጃ ያለው ሰው አልተገኘም። መንግሥቱ ሦስት መቶ ዓመት ገንኖ ኖረ፤ አርባ ሁለት ደሴቶች ገበሩለት፤ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የጦሩን ርዝመት በክንድና በስንዝር ይማሩ ነበር። የወደቡ መርከበኞች ግን እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ሰፊው ባሕር ሁሉ ክፍት ሳለ አንዲት መናገሻ ከተማ ምንም ከማይበቅልበት ዓለት አጠገብ ተጠግታ ስለ ቆመች፣ መርከብ ለማዞር ቦታ እያነሳቸው ያማርሩ ነበር፤ ማን እንዳስጠጋት የጠየቀ ግን አልነበረም።