ማይባር ላይ የተገለበጠችው ካያክ

ሙንዚርን ከማይባር ሐይቅ ሲያወጡት ሁለት እግሮቹ በገዛ መረቡ ተተብትበው ነበር። ኢንስፔክተር ረሂማ ከደሴ ስትደርስ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ከእሱ ወዲያ ደግሞ የተቆጣ ሕዝብ አንድ ሰው አንቆ ይዟል። የተያዘው ጋሹ ነው፤ ጀልባዋን የሠራት ሰው። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ከአፉ ደም ይወርዳል፤ ግን አይታገልም፣ አይለምንምም።

«ልቀቁት! ከዚህ በኋላ እጁን ያነሣበት ሰው ከእሱ ጋር ነው የሚታሰረው» አለች ረሂማ።

ሕዝቡ እያጉረመረመ ፈቀቅ አለ። ከመካከሉ ጢሙ የሸበተ፣ ከወገቡ በታች የራሰ ሰው ወጣ። ጣሀ ይባላል፤ የሟች ታላቅ ወንድም ነው። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ሙንዚርን አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነበር።

«ወንድሜን የፈጀው የዚህ ሰው ጀልባ ነው» አለ። «በአላህ ይሁንባችሁ፣ መርምሩና ይህንኑ ንገሩኝ።»

ረሂማ በሥራዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች። ሁሉም «እውነቱን ንገሩኝ» ይሏታል። «ይህንኑ ንገሩኝ» ያላት ሰው ግን አልነበረም። ወደ ጀልባዋ ሄደች።

ካያክ ይሏታል፤ በአንድ ሰው የምትቀዘፍ፣ እንደ ባቄላ ቆባ ጠበብ ብላ የረዘመች ጀልባ ናት። ጋሹ በኮምቦልቻ የፋይበር ግላስ የውሃ ታንከር ይሠራል፤ ካያኳንም በዚያው ሙያው ነው ያበጃት። በግራና በቀኟ፣ ክንዷን የዘረጋች ይመስል፣ በብረት ዘንግ የተያዙ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሏት፤ ጫፍና ጫፋቸው የተደፈነ፣ ውስጣቸው አየር ብቻ።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?» ስትል ጋሹን ጠየቀችው።

«እንዲቆምባት ነው» አለ ጋሹ ደሙን በክንዱ እየጠረገ። «ሙንዚር ፋብሪካውን ትቶ በዓሣ ሊተዳደር ቆርጦ ነበር። መረብ ደግሞ ቁጭ ብለው አይወረውሩትም። ቆመህ፣ ወገብህን አዙረህ ነው። ሰፊ ጀልባ ለመቆም ይመቻል፤ ነገር ግን እንደ በሬ ነው የሚጎተተው። እዚህ ሐይቅ ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ከመነሣቱ በፊት ወዲያ ማዶ ደርሶ መመለስ አለበት። ጠባቧ ትፈጥናለች፤ ግን አታስቆምም። ሁለቱንም ስጠኝ አለኝ። ስለዚህ ጠባብ አድርጌ ሠራሁና ቱቦ አሠርኩላት።»

«ታዲያ ለምን ተገለበጠች?»

«አላውቅም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የሆነ ነገር አሳስቼ ይሆናል። እኔ ነኝ የገደልኩት። እሰሩኝ።»

ረሂማ ተንበርክካ ቱቦዎቹን በጣቷ መታ መታ አደረገች። የቀኙ ባዶ በርሜል ድምፅ ሰጠ። የግራው ደፈን ያለ ነው። ከጀልባዋ አስፈትታ ስታነሣው ከበደ፤ ውስጡ ውሃ ይንቦጫረቃል። ዘቅዝቃ ውሃውን በሥሩ ባገኘችው ጠባብ ቀዳዳ በሣሩ ላይ ስታፈሰው ነጭ አረፋ እየተንኮለኮለ ወጣ። ሐይቅ አረፋ የለውም። ረሂማ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የልብስ ሳሙና ነው።

አጠገቧ ለቆመው ፖሊስ እንኳ አልነገረችም። ቱቦውን ይዛ፣ ጋሹንም ለደኅንነቱ ስትል መኪና ላይ አስወጥታ፣ አስከሬኑን ለምርመራ ወደ ደሴ ይዛ ተመለሰች። ሐኪሙ ከውሃ በቀር ሌላ የሞት ምክንያት አላገኘም። ሙንዚር በማግሥቱ ተቀበረ።

ከቀብሩ በኋላ ረሂማ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ እስራኤልን አገኘችው። እስራኤል የሙንዚር የፋብሪካ ባልደረባ፣ የማሽን ጠጋኝ ነው። ካያክ የሚባለውን ነገር በስልክ አይቶ ለሙንዚር ያሳየው እሱ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ማን ይሞክራት በሚልም ተኮራርፈው ነበር አሉ።

«እውነት ነው፣ ተኮራርፈናል» አለ እስራኤል። «በሞተበት ቀን ዋዜማ ግን ታረቅን። ጀልባዋን በአይሱዙ ጭነን ማይባር አደረስናትና ዳር ዳሩን ሞከርናት። ቆሜባት ዘለልኩ፣ ጨፈርኩባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጌታ ምስክሬ ነው።»

«ከዚያስ የት አደረች?»

«ጋሽ ጣሀ ቤቱ ከሐይቁ ዳር አይደል? ግቢው ውስጥ አስገባናት። ሙንዚርም እዚያው አደረ፤ እኔና ጋሹ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። ጠዋት ከሀናን ጋር በሚኒባስ መጣን። ጋሹም በራሱ መጣ።»

«ቤትህ መሰርሰሪያ አለህ?»

«አለኝ እንጂ፤ እንጀራዬ አይደለም እንዴ?» አለና ፊቷን አየ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«ሲገለበጥ የት ነበርክ?» ስትል ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችለት።

እስራኤል አንገቱን ደፋ። «ዳር ነበርኩ። መሃል ደርሶ ቆመ፤ መረቡን ሲወረውር ጀልባዋ በግራ በኩል ጥልቅ አለች። የመንደሩን ሰፊ ጀልባ ገፍቼ ገባሁ። ብቀዝፍ ብቀዝፍ አልደርስ አለኝ። እጁ ይታየኛል፤ ይጠራኛል። ያ ሰፊ ጀልባ እኮ አይሄድም! ስደርስ እጁም አልነበረም።»

ረሂማም ብትሆን ያን እጅ የምትመልስበት ጥበብ አልነበራትም።

ለቅሶው በጣሀ ግቢ ነበር። የሟች ሚስት ሀናን ሴቶች ከበዋት ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ረሂማ አላህ ያጥናሽ ብላ አጠገቧ ተቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ጀልባዋን አልወደድሻትም ነበር ይላሉ።»

«‹ስትሰጥም ባየኋት› ብያለሁ፤ በሰው ፊት ነው ያልኩት» አለች ሀናን ደረቅ ዓይኗን ሳትነቅል። «ፋብሪካው ደመወዝ አለው። ሐይቅ ምን አለው? እኔ ግን ጀልባዋ ትስጠም ነው ያልኩት፤ እሱ ይስጠም አላልኩም።»

«ጠዋት ስትደርሱ ምን አየሽ? አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

«ሙንዚር መረቡን እያጣጠፈ ነበር። ዳቦ ሰጠሁት። ጋሹ ገመዱን ያጠብቃል። ጣሀ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የበቀለው ፊላ ጋ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል።»

«ገና ሙንዚር ሳይነሣ?»

«ገና ሳይነሣ። ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ። ‹ምነው በዚህ ብርድ?› ብለው ‹አብሽሪ፣ እግሬን ልታጠብ ነው› አለኝ።»

ረሂማ በግቢው ወዲያ ጫፍ የለቀስተኛውን ሰላምታ ቆሞ የሚቀበለውን ጣሀን አየችው። ቀደም ብላ ስትጠይቀው «ዛፉ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ሲገለበጥ ገመድ ይዤ ዘልዬ ገባሁ» ብሏት ነበር። መሳሳቷን ተመኘች።

ረሂማ ሁሉንም ለሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሐይቁ ዳር ቀጠረቻቸው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። ጣሀ፣ ሀናን፣ እስራኤል ተሰበሰቡ፤ ጋሹም ከፖሊስ መኪና ወርዶ ከነሱ ጋር ቆመ። የመንደሩ ሰው ራቅ ብሎ ያያል። ረሂማ የግራውን ቱቦ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«እዩት። ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ ከሥሩ ነው፤ ውሃ የሚያስገባው። ሁለተኛው ከላይ፣ ማሰሪያ ገመዱ በሚሸፍነው ቦታ ነው፤ አየሩ የሚወጣበት። የታችኛው ቀዳዳ በሳሙና ተደፍኖ ነበር። ሳሙናው ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ከዚያ ቱቦው ይሞላል።»

ጋሹ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ዋዜማውን ደህና ነበር…»

«ደህና ነበር። እስራኤል የጨፈረባት ሳሙናውም ቀዳዳውም ከመምጣታቸው በፊት ነው። ስለዚህ የአሠራር ጉድለት አይደለም። ሰው ያደረገው ነው፤ ያደረገውም በዚያች ሌሊት ነው።» ቱቦውን ወደ ጋሹ አስጠጋች። «ቀዳዳውን ተመልከተው። በምን የተበሳ ይመስልሃል?»

«ዳሩ ቀልጧል» አለ ጋሹ። «በጋለ ሚስማር ነው።»

«አንተም እስራኤልም መሰርሰሪያ አላችሁ፤ በእሳት ሚስማር አታግሉም። ደግሞም ሁለታችሁም፣ ሀናንም፣ ያን ሌሊት ኮምቦልቻ ነበራችሁ። ጀልባዋ ያደረችው በዚያ ግቢ ነው። በግቢው ያደሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንደኛው የራሱን ጀልባ በስቶ አይሳፈርም።»

ሁሉም ዞረው ጣሀን አዩት። ሀናን ብቻ አልዞረችም።

«ወላሂ!» አለ እስራኤል። ክርስቲያን መሆኑንም ረሳ። «ጋሽ ጣሀ? ሊሆን አይችልም። ይኸ ሰው እኮ አባቱ ነው!»

«አንድ ነገር ልሞክር» አለች ረሂማ፤ ድምፅዋ ከቅድሙ ዝግ አለ። «ቀዳዳውን ዛሬ ጠዋት በልብስ ሳሙና ደፍኜዋለሁ። ቱቦውን ውሃው ላይ አኖረዋለሁ። እስራኤል፣ በሰፊው ጀልባ ተነሥና ወደ መሃል ቅዘፍ። ፊሽካ ስነፋ ቁም።»

እስራኤል ሄደ። ሰፊው ጀልባ እያዘገመ በፊላው መሃል ገባ። ቱቦው ተንሳፍፎ ቆየ፣ ቆየ፤ በኋላ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ አሰማና ወደ ጎን መስጠም ጀመረ። ረሂማ ፊሽካዋን ነፋች። እስራኤል ገና ከፊላው አልወጣም ነበር። መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰደደው፤ መሬት ነካለት።

«ውሃው እስከ ደረት ነው!» ብሎ ጮኸ።

ረሂማ ወደ ጣሀ ዞረች። «እርስዎ ያሰቡት እዚያ ነበር፤ እዚያ እንዲገለበጥ። ፊላው ውስጥ፣ እግር መሬት በሚነካበት፣ እርስዎ ገመድ ይዘው በቆሙበት። ደንግጦ ጀልባዋን እንዲጠላት ብቻ። ሊገድሉት ቢፈልጉ ኖሮ እርዳታ ይዘው አስቀድመው ውሃ ውስጥ አይጠብቁትም ነበር። ጊዜውን ያሰሉት ግን በሚያውቁት በሰፊው ጀልባ ፍጥነት ነው። ጋሹ ደግሞ ፈጣን ጀልባ ነበር የሠራው። ሳሙናው ሳያልቅ ሙንዚር ፊላውን አልፎ መሃል ደርሶ ነበር።»

ጣሀ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«ሰፊውን ምረጥ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ። «ዋና አይችልም፤ እኔም አልችል። በአጠገቤ ሽው ብሎ አለፈኝ። ‹ሙንዚር፣ ተመለስ!› አልኩት። ያበረታሁት መስሎት መቅዘፊያውን አነሣልኝ፣ ሳቀልኝ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን የፈራሁትን በእጄ አመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን ጋሹን አስያዙት?» አለች ረሂማ።

«ጀልባው ነው የገደለው እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢለኝ፣ እኔም የማምን መስሎኝ ነበር።»

ጋሹ ከጥፋት ነጻ ወጥቷል፤ ነገር ግን ፊቱ ላይ ደስታ የሚባል አልነበረም። ሀናን ቀስ ብላ ተነሥታ ጣሀ ፊት ቆመች። ከመንደሩ ሰው መካከል ሴቶቹ ልትመታው መስሏቸው ተንቀሳቀሱ። እሷ ግን ወደ ረሂማ ዞረች።

«ልትወስጂው ነው?»

«ሥራዬ ነው፣ ሀናን። የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው።»

«ባሌን ቀበርኩ። የሚወለደውን ልጅ የሚያሳድግልኝ እሱ ነበር፤ ሌላ ሰው የለኝም። ፍርድ ቤቱ ይህን ያውቃል?»

«እናገራለሁ» አለች ረሂማ፤ መናገሯ ምንም እንደማይለውጥ እያወቀች።

ጣሀን አስነሥታ መኪናው ላይ አስወጣችው። እጁን አላሰረችም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ቢሞክር ጎማው ጭቃውን እየረጨ ባለበት ተሽከረከረ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰበት። የመንደሩ ሰው ከዳር ያያል። ማን ይግፋው? ሊገፋው የፈለገ ሰው አልነበረም፤ እንዲቀርም የሚያደርግ አልነበረም።

በመጨረሻ እስራኤል ከጀልባው ወርዶ፣ እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ መጥቶ ትከሻውን ከመኪናው ኋላ ሰጠ። ጋሹም ተከተለው። ረሂማ ራሷ ጫማዋን ጭቃው ውጦባት ከጎናቸው ገፋች። መኪናው ከበዳቸው።

የኋላው በር ተከፈተ።

«ልውረድ፣ ይቀልላችኋል» አለ ጣሀ።

ረሂማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጣሀ ወረደ። ዳር ቆሞ ሊጠብቅ አልቻለም፤ ድሮም ሰው ሲለፋ ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። ረጅም ቶቡን ሰብስቦ በጋሹና በእስራኤል መካከል ገባና ደረቱን አስደግፎ ገፋ።

«ቢስሚላህ፣ አንድ ላይ!» አለ።

መኪናው ተንገጫግጮ ከጭቃው ወጣ። አራቱም እያለከለኩ ቆሙ። ማንም ማንንም አላየም። ጣሀ እጁን በሣሩ ላይ ጠረገና፣ ማንም ሳይነካው፣ በሩን ራሱ ከፍቶ ገባ።