ፊቱን ወደ መተሐራ ያዞረ ምልክት

አንተ አንባቢ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሐዲድ ካርታ በሳለ ሰው ተማምነህ ሰው ታስር ነበር?

በ1973 ዓ.ም. ናዝሬት ላይ እንዲህ ተብሎ ሰው ታስሯል። የታሰረው ሃያ ሁለት ዓመት ባቡር የነዳው አብተው ነው። ወደ መተሐራ ሲነዳ ከበሰቃ ሐይቅ ማዶ ቀይ ምልክት ጥሶ የቆመ ፉርጎ ገጨ፤ ይህም አሻጥር ነው ተባለ። የመሐንዲስ ንዋይ ካርታ እዚያ ቦታ ላይ «ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የሚያሳይ ምልክት» ይላል። ለማን እንደሚያሳይ አይናገርም። አብተው «ፊቱ ከመተሐራ ለሚመጣ ነው፤ እኔ ያየሁት ጀርባውን ነው» ቢልም ሰሚ አላገኘም። ጉዳዩ የሚታየው ዓርብ፣ ናዝሬት ጣቢያ በሚደረገው የሠራተኞች ስብሰባ ነው። በአሻጥር የተፈረደበት ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ የአብተው ልጅ ሸዋወርቅ ከወለንጪቲ ተነስታ ሐዲዱን ተከተለች። የማዘጋጃ ቤት የፕላን ነዳፊ ናት፤ እስከዚያ ቀን የሰጧትን ገልብጣ ከመመለስ በቀር አንድ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። አብረዋት የወጡት ጡረተኛው የሐዲድ ጠጋኝ መሐመድዘይን ናቸው።

«የአባትሽን ምልክት ብቻ አይተን እንመለስ» አሉ።

«አይሆንም ጋሼ። እሱን ብቻ ብስል ለአባቷ አዳላች ይሉኛል። እስከ መተሐራ ያሉትን አሥራ አንዱንም እስላለሁ፤ ወዴት እንደሚያዩ፣ ስንት ቀለም እንዳላቸው።»

«አሥራ አንድ? ጉልበቴ ይህን ሳይሰማ ቶሎ እንሂድ።»

ሦስተኛው ምልክት ላይ ከቦሰት ተራራ በኩል የተነሳው ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ መጣና ሰማዩን ዘጋው። ሸዋወርቅ ወረቀቱን ሆዷ ሥር ከታ በደረቷ ተጋደመች። ሲያልፍ አፏ አፈር ሞልቶት ተነሳች፤ ወረቀቱ አልተነካም። ከከረዩ አርብቶ አደሮች ግመሎች አጠገብ አድረው በማግስቱ የፈንታሌን ጥቁር ድንጋይ አቋረጡ፤ በሰቃ ደረሱ።

እዚያ ሐዲዱ ግራ ቀኙን ውኃ ከቦታል። መኻሉ ላይ አንድ አዞ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል።

«ያ ደግሞ ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉ መሐመድዘይን።

«ቀይ መሰለኝ ጋሼ። እንቁም።»

ሽማግሌው ተንበርክከው ሐዲዱን በመዶሻ መቱት። ብረቱ ጮኸ። አዞው አፉን ከፍቶ ወደ እነሱ ተንፏቀቀ። ደግመው መቱ፤ ሸዋወርቅ ጠጠር እያፈሰች ወረወረችበት። አዞው ዞሮ ውኃው ውስጥ ተወረወረ። ሮጠው አለፉ።

ከሐይቁ ማዶ፣ አሥረኛው ምልክት ሥር፣ በሐዲድ ላይ የምትሄድ የሞተር ጋሪ ቆማለች። መሐንዲስ ንዋይና ገርባ የሚባል ሠራተኛ ቀድመዋቸዋል። የምልክቱ ፊት፣ አብተው እንዳለው፣ ወደ መተሐራ ነው።

«የሐዲድ ካርታ መሳል ስለላ ነው» አለ ንዋይ። «ወረቀቱን አምጪ።»

«ስለላ ቢሆን እደብቀው ነበር። እኔ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።»

«ገርባ፣ ምልክቱን አዙረው።»

ገርባ የብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። «ጓድ መሐንዲስ፣ ይህን ካዞርነው ከመተሐራ የሚመጣው ነጂ ምን አይቶ ይቆማል?»

«አዙር ተብለሃል።»

ገርባ መፍቻውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠ። ንዋይ አንስቶ ራሱ ተንጠለጠለበት፤ የዛገው ብሎን የእጁን ቆዳ ላጠው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ወደ ወረቀቱ ሲዞር መሐመድዘይን መዶሻቸውን እንደያዙ መኻል ገቡ። ሸዋወርቅ ከኋላቸው ቆማ መስመሯን ጨረሰች።

አሥራ አንደኛውንም መተሐራ ላይ ስላ፣ ዓርብ ጠዋት በዕቃ ባቡር ናዝሬት ገብታ ካርታውን ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ነጂዎች ከበቡት። አንዱ ጣቱን ቀሰረ፦ «አራተኛው ላይ ቢጫው መስታወት ተሰብሯል፤ የሚያሳየው ነጭ ነው።» እዚያው አረመችው። ሌላው ሌላ ነገራት፤ ጨመረችው። ከዚያ ሁሉም ከግርጌው ፈርመው፣ ከግድግዳው ልጠው ወደ ስብሰባው ይዘውት ገቡ።

የስብሰባው ሊቀ መንበር ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየ። ከሠራተኞቹ መኻል ገርባን ጠርቶ ጠየቀ፤ ገርባ ያየውን ተናገረ።

«አብተው፣ ወደ ቤትህ ሂድ።»

አብተው ተነሳ፤ የልጁን ትከሻ ያዘ። «ነይ እንሂድ የኔ ልጅ፤ አለቀ።»

«አላለቀም አባዬ።» ሸዋወርቅ ንዋይ ወደተቀመጠበት ፊተኛ ወንበር ዞረች። «ጓድ ንዋይ፣ ትናንት ያን ምልክት ለማዞር የሄዱት ለምንድን ነው? ለኔ አይደለም፤ ተነስተው ለነዚህ ነጂዎች ይመልሱ።»