የቀይ ስሩ ነገር

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስላል። በክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ስድስት ዓመት የሰው ደምና ሽንት ስትመረምር ኖራ፣ ሰውንም በማይክሮስኮፕ ካላየች አታምንም። ባል ያጣችው በዚሁ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ያሟታል።

አንድ ሰኞ አባቷ ለወትሮው ምርመራ የሰጡት ሽንት ቀልቶ ስታየው ልቧ ስንጥቅ አለ። ብትመረምረው አንድም የደም ሴል የለበትም። ቤት ስትገባ ደግሞ የደም ግፊት ክኒናቸው ከመሳቢያው ጠፍቷል። አባቷ ክኒን አይወዱም፤ አምና በገዛ እጃቸው ትተውት ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል።

«አባዬ፣ ሽንትዎ ቀልቷል።»

«ይሆናል።»

«ክኒኑስ የት ሄደ?»

«አለ።»

«ጠዋት ጠዋትስ የት ነው የሚሄዱት?»

«እግሬን ላፍታታ ነዋ።»

በማግስቱ ተከተለቻቸው። መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ጭማቂ ቤት ገቡ። በሩ ላይ «ቀይ ስር፦ በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የቅላቱ ምንጭ ያኔ ገባት። የክኒኑም መጥፋት የገባት መሰላት። እስኪወጡ ጠብቃ፣ እሳት ጎርሳ ገባች።

«አባቴን ክኒን አስጥለህ ቀይ ስር የምታጠጣው አንተ ነህ?»

ሰውየው ብርጭቆ ያጥባል። ቀና ብሎ ረጋ ባሉ ዓይኖች አያት። አለመደንገጡ ይበልጥ አስጠረጠራት።

«ቀይ ስር ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አላት። «ያ ቀለሙ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ የሰውነትን ሴሎች ከጉዳት ይከላከላል። ክኒን ግን አይተካም።» ከብርጭቆዎቹ ጀርባ የክኒን ፓኬት አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። «ጋሼ ክኒናቸውን ካልዋጡ ጭማቂ የለም። ስምምነታችን ይሄ ነው።»

ፓኬቱን አገላበጠችው። አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም። ኩም አለች፤ ጥርጣሬዋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም።

«ምን ልታገኝ ብለህ?»

«የእኔ አባት ክኒኑን ሲተው አይቼ ዝም ብያለሁ» አለና ወደ ብርጭቆው አቀረቀረ።

ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀይ ስር ቀዳላት። ወደ ብርሃን አንስታ አይታ፣ አሽትታ ጠጣችው። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ያን ቀን አላሸተተችም። ወር ሳይሞላ ሰውየውን እንደምትወደው ከራሷ መደበቅ አቃታት።

የሰርጋቸው ዕለት ጠዋት አንዲት የቀረች ጥርጣሬ ከነከነቻት።

«አባዬ፣ ቀይ ስር ሽንት እንደሚያቀላ ያውቁ ነበር?»

«እሱ ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ያን ያህል ስደነግጥ ለምን ዝም አሉኝ?»

አባቷ በመስታወት ፊት ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«ጥሩ ልጅ አግኝቼልሻለሁ ብልሽ ትመጪ ነበር?»