ዝም ያለው ሳጥን

«መብራቱን ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ፣ ቲቢ!»

ዶኪያ ሳጥኑ ውስጥ እስከ ወገቧ ድረስ ገብታለች። በእጇ የያዘችው የበግ መርፌ ነው። የቲቢ አባት በየዓመቱ መንጋቸውን የሚከትቡበት መርፌ ዛሬ የተሞላው በነጭ የእንጨት ኮላ ነው። የሳጥኑ የፊት ጣውላ ከክፈፉ ጋር በሚገናኝበት ቦይ ውስጥ ጫፉን ሰክታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ እያለች ትገፋለች።

«ጨረስሽ?» አለ ጓደኛዋ ቲቢ። የእጅ ባትሪውን የያዘው እሱ ነው።

«አንድ ጥግ ቀረኝ።»

«ቶሎ በያ! አያትሽ ከመጡ እኔ በመስኮት ነው የምወጣው፤ አንቺን አላውቅሽም።»

«አንተ ፈሪ! ከተማ ነው የሄዱት፤ ለሠርጉ ኮት ሊያመጡ።»

የመጨረሻውን ጥግ ሞላች፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠረገች፤ ከሳጥኑ ወጥታም ፊቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ዝም አለ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ በነኩት ቁጥር ኳ ኳ ሲል የከረመው ጣውላ አሁን አንዲት ድምፅ አላሰማም። ዶኪያ ደስ አላት፤ ቲቢም እጁን ዘርግቶ አስመታት።

በዶኪያ አገር፣ በኢዛ ሸለቆ፣ ሙሽራ ያለ ሳጥን ከአባቷ ቤት አትወጣም። ሳጥኑ ደግሞ ሚስማር አይገባበትም፣ ኮላም አይነካውም። ጣውላዎቹ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፤ ማዕዘኖቹ በእንጨት ችንካር ይቆለፋሉ፤ በቃ። የዶኪያ አያት አባባ ጋቭሪል ለመንደሩ ሴቶች ልጆች ሲሠሩ የኖሩት እንዲህ ነው። ዘንድሮ ግን ሙሽራዋ የገዛ የልጅ ልጃቸው፣ የዶኪያ ታላቅ እህት ሩክሳንድራ ስለሆነች አዲስ ነገር አመጡ። የሳጥኑን ፊት፣ ያውም ሰው ሁሉ የሚያየውን፣ ለአሥራ አምስት ዓመቷ ዶኪያ ሰጧት።

መቼም መስጠት ሲባል በአንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መሮ ከመሳል በቀር ምንም አልሠራችም። ጣቶቿ በድንጋዩና በዘይቱ ጠቁረው፣ ቲቢ «መካኒክ ሆንሽ እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር። ከዚያ መላጊያ ያዘች። ሦስት የጥድ ጣውላ አበላሸች። «እንጨት እንደ ድመት ነው፤» ይሏት ነበር አባባ ጋቭሪል፤ «በፀጉሩ አቅጣጫ ካላሻሸሽው ይቧጭርሻል። አውራ ጣትሽን አሳልፊበትና ወዴት እንደተኛ መጀመሪያ እወቂ።» በአራተኛው ጣውላ ላይ ነገሩ ለአውራ ጣቷ ገባው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ያልተቆራረጠ ልጭ ከመላጊያው ተጠቅልሎ ሲወጣ ዶኪያ እንደ ሕፃን ጮኸች። ከዚያ በላዩ ላይ አንዲት ፀሐይ ቀረጸች። ፀሐይዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ግን ፀሐይ ናት።

ችግሩ የመጣው በነሐሴ ነው፤ በእነሱ አገር ነሐሴ በጋ ነው። በጋው እሳት ነበር፤ ዝናብ ጠፋ፤ እንጨቱም ደረቀና ቦዩ ውስጥ መንቀጫቀጭ ጀመረ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ያንኳኳል፤» አለቻቸው። «ያንኳኳ፤» አሏት። «በኮላ ላስይዘው?» ስትል ግን እንደ ተነከሰ ሰው ዘወር አሉ። «ኮላ? ኮላ እንዳታስነኪው!» «ለምን?» «በረዶ ሲጥል ይገባሻል።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጎበዝ አናጢ ናቸው፤ ማስረዳት ላይ ግን ምላሳቸው ይሰንፋል።

በሌላ በኩል ቲቢ ማስረዳት ላይ አይሰንፍም። «ቅዳሜ የሙሽራው እናት እትዬ ፓራስካ መጥተው ሳጥኑን መታ ያደርጉታል አይደል? ያ ሁሉ ሰው ባለበት ጥርሱን ሲያፋጭ አስቢው! እሳቸው ደግሞ አንዴ ሙድ ከያዙብሽ አለቀልሽ፤ እስክታገቢ አይለቁሽም። ሼም ነው!» ዶኪያ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው፣ ረቡዕ ዕለት፣ መርፌው መጣ።

* * *

ሐሙስ ጠዋት አባባ ጋቭሪል የመሣሪያ ሳጥናቸውን አሸክመው ይዘዋት ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት እትዬ ሳሎሚያ የቁም ሳጥናቸው በር ተበላሽቶባቸው ነበር።

ዶኪያ በሩን ስታይ መሣሪያው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የበሩ ጣውላ ከላይ እስከ ታች፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ሆኗል።

«ማነው የመታው?» አለች።

«ማንም አልመታው። ራሱ ነው፤» አሉ አባባ ጋቭሪል በርከክ ብለው። «እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ዝናብ ሲሆን ያብጣል፤ ምድጃ ሲነድ ይኮማተራል። ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ከተቀመጠ እንደ ልቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። አጣብቀሽ ከያዝሽው ግን የት ይሂድ? ይኸው፣ እንዲህ ይተረተራል።» ቦዩን በመሮ ጫፍ ቧጠጥ ሲያደርጉት የደረቀ ኮላ ተፈረፈረ።

«ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፤» አሉ እትዬ ሳሎሚያ። «ሲንኳኳ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ አጣበቀው። በዚያው ዓመት፣ ገና በረዶው ሲጥልና ምድጃ ስናነድ፣ ሌሊት ጠመንጃ የተተኮሰ መስሎን ተነሳን! አልጋው ሥር ነው የተገኘው፣ ጀግናው!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪያስላቸው ሳቁ። ዶኪያ አልሳቀችም። የራሷ መርፌ ትዝ አላት። በኮላ የተያዘ ጣውላ ተመልሶ አይላቀቅም፤ ክፈፉን በመጋዝ ቆርጦ ማውጣትና ሌላ መሥራት እንጂ። ሌላ ለመሥራት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሠርጉ ከፊቷ ያለው እሑድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ዶኪያ ደግሞ አፍስሳ፣ የምትለቅመውም አጣች።

መንገድ ላይ ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። በመጀመሪያው ቄሱ አገኟቸውና አባባ ጋቭሪል ሰላምታ ሳይሰጡ «ፊቱን የሠራችው ይቺ ናት!» አሏቸው። በሁለተኛው ፖስተኛው መጣ። ለእሱም ያንኑ ነገሩት።

ዓርብ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጣሊያን አገር አረጋውያን እየተንከባከበች የምትኖረው የእህትማማቾቹ እናት በአውቶቡስ ሠላሳ ሰዓት ተጉዛ ደረሰች። አክስቶች ሥጋ በጎመን ቅጠል ይጠቀልላሉ፤ አጎቶች የፕለም አረቄውን «እየቀመሱ» ነው። ዶኪያ ቲቢን አጥሩ ሥር ጎትታ ያየችውን ሁሉ ነገረችው።

«እና?» አለ ቲቢ። «በረዶ እስኪጥል ስንት ወር አለ። ያኔ ደግሞ ‹ምድጃ አጠገብ አስቀምጣችሁት ነው› ይባላል። አንቺን ማን ይጠይቅሻል? አቦ፣ አትጨናነቂ!»

ለሰዓት ያህል እውነትም ቀለል አላት። ማታ ላይ ሩክሳንድራ ዶኪያ ወዳለችበት ወርክሾፕ ገብታ ከሳጥኑ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ስትል ግን ጭንቀቱ ተመልሶ መጣ።

«ታውቂያለሽ፣» አለች ሩክሳንድራ የተቀረጸችውን ፀሐይ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «እዚያ የባሌ ቤት ሁሉም ነገር የእናቱ ነው። አልጋው፣ ብረት ድስቱ፣ ማንኪያው ሳይቀር። እትዬ ፓራስካ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቤታቸው ነው። የኔ የምለው ይሄን ብቻ ነው። ሲከፋኝ እሱ ላይ ቁጭ እላለሁ።» ከዚያ ሳቀች። «አንቺ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነው የምቆጥረው።»

ዶኪያ እህቷን አቅፋ አንገቷ ሥር አለቀሰች፤ ሩክሳንድራም ስለመለያየቱ መሰላት።

* * *

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሙሽራው ወገኖች ጋሪያቸውን አስጊጠው፣ ቫዮሊን እያስመቱ ገቡ። ፈረሶቹ ጆሯቸው ላይ ቀይ ክር አስረዋል። እትዬ ፓራስካ ከፊት ናቸው፤ ሰፊ ሴት፣ ምላሳቸው ከቢላ የማይተናነስ። አራት ጎረምሶች ባዶውን ሳጥን አውጥተው ግቢው መሃል አስቀመጡት። ሕዝቡ ከበበው። ቲቢ አጥሩ ላይ ተቀምጧል።

«እስቲ ይናገር!» አሉ እትዬ ፓራስካ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበውም ፊቱን በመዳፋቸው መቱት።

ዝም።

ደግመው መቱት። አሁንም ዝም አለ።

«ውይ! ውይ ውይ!» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ስሙ እንጂ! የኔን ሲመቱት እንደ አሮጌ ጋሪ ተንጫጭቶ፣ አማቴ እስኪሞቱ ሲያሾፉብኝ ኖረዋል! ይሄ እኮ ድንጋይ ነው! ፊቱን የሠራው ማነው?»

ዶኪያ አያቷን አየች። አባባ ጋቭሪል ፊታቸው ተለውጧል። በእንዲህ ያለ ደረቅ በጋ ዝም የሚል ጣውላ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳጥኑን አዩ፤ ዶኪያን አዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«እኔ ነኝ፤» አሉ።

ቄሱ ቅንድባቸውን አነሱ። ፖስተኛውም ግራ ገባው።

«ለሰው ሁሉ ዶኪያ ናት እያልኩ ሳወራ ከርሜያለሁ፤ የአያት ነገር ነው፣ ጉራ ነው። ፊቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ለካ በረዶው የሚያመጣውን ሐፍረት ከአሁኑ በራሳቸው ትከሻ እየተሸከሙ ነው። በዚህ ሸለቆ ሳጥናቸው ተሰንጥቆ የማያውቅ ሰው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው። ከአጥሩ ላይ ቲቢ ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» ማለቱ ነው።

«እትዬ ፓራስካ፣» አለች ዶኪያ፤ ድምፅዋ ቀጠነባት፤ «ያ የሚንጫጫው ሳጥንዎ አሁንም አለ?»

«አለ እንጂ! አርባ ዓመቱ ነው።»

«ተሰንጥቆ ያውቃል?»

«ኧረ ምን ሆኖ! እንኳን ሊሰነጠቅ ጭረት የለውም።»

«የኔ ግን ይሰነጠቃል።» አሁን ማንም አይስቅም፤ ቫዮሊኑም ቆሟል። «ፊቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አባባ ኮላ እንዳታስነኪው ብለውኝ ነበር፤ ደብቄ በኮላ አጣበቅኩት። ያለዚያ ዛሬ ዝም አይልም ነበር። ምድጃ ስታነዱ መሃሉ ይተረተራል። አባባ ምንም አያውቁም። ሩክሳ... ይቅርታ።»

ሩክሳንድራ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አንዲት አክስት «እንዲህ ያለ ነገር በሠርግ ዋዜማ ይነገራል?» ብላ አንሾካሾከች። እናታቸው «ዝም በይ!» አለቻት፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

እትዬ ፓራስካ ዶኪያን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ታዲያ አሁን ምን ይሁን? ምራቴን ያለ ሳጥን ልውሰዳት?»

«አይ፤ ይሂድ። ሐሙስ እመጣለሁ። እዚያው እርስዎ ቤት የፊቱን ክፈፍ ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ለአዲሱም ልክ እወስዳለሁ። ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል። ፊት የሌለው ሳጥን ሳሎናችሁ ውስጥ ይከርማል፤ እንግዳ ሲጠይቅዎ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ይበሉ።»

«እላለሁ እንጂ! አልልም ብለሽ ነው?» አሉ እትዬ ፓራስካ። «ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የማወራው!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለምሳ ድረሺ። በባዶ ሆድ መጋዝ አይገፋም።» ወደ ጎረምሶቹ ዞረውም «ምን ታፈጣላችሁ? ጫኑ!» ብለው ጮኹ።

ሳጥኑ ተጫነ። ሩክሳንድራ ወደ ዶኪያ መጣች፤ የተቆጣችም ያልተቆጣችም ትመስላለች። «ያቺን ፀሐይ እንዳትጥያት፤» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «ቆርጠሽ ስጪኝ።» ከዚያ ጋሪውን ተከትላ እስከ በሩ ሸኘችው።

ቲቢ ከአጥሩ ወርዶ ጎኗ ቆመ። መሬት መሬቱን እያየ «መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤» አለ።

«ነበረብህ፤» አለችው ዶኪያ።

አባባ ጋቭሪል ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ሕዝቡ ወደ ጠረጴዛው እስኪሄድ ጠበቁና ቀረብ አሏት።

«ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤» አሉ። «በረዶ ሲጥል ይገባሻል አልኩሽ። ያ የኔ ጥፋት ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እና ሐሙስ፣ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

ዶኪያ ክንዳቸውን ያዘች።

«እርስዎ አይመጡም፣ አባባ። ብቻዬን ነው የምሄደው፤» አለች። «ጠባቡን መጋዝ ግን ያውሱኝ።»